አላታ፦ በር ያልተገጠመላት ጅረት

የወረቀቷ አንድ ብር ትዝ ትላችኋለች? በአንደኛው ፊቷ የልጅ ምስል፣ በሌላኛው የጢስ ዓባይ ፏፏቴና ወፎች ያሉባት። ስንቶቻችን ፏፏቴውን በዓይናችን ሳናይ በኪሳችን ይዘነው ዞረናል! ቆሎ ገዝተንበታል፣ ለታክሲ ከፍለንበታል፣ መልስ ተቀብለንበታል። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ጢስ ዓባይ ማለት ያ ሥዕል ነው፤ እየጤሰ የሚወርድ ነጭ ውኃ።

በዚያ ሥዕል ላይ የሌለች፣ በጎብኚዎችም ወሬ ውስጥ እግረ መንገዷን ብቻ የምትነሳ አንዲት ጅረት አለች። ስሟ አላታ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሷ ነው። «ስለ ዓባይ ተወርቶ ሳያልቅ የምን የጅረት ወሬ አመጣህብን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስኪ ትንሽ ታገሱኝ። (በነገራችን ላይ፣ ካልገለጽኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእግር በታች ያለችው

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማዋ በእግሩ የተነሳ ጎብኚ መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ከጎጃም ወደ ጎንደር ወገን ተሻገረ ማለት ነው። ከዚያ ዳገቱን ይወጣና ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ወደ ፏፏቴው ሥር መጠጋት ከፈለገ ደግሞ አንድ ተንጠልጣይ ድልድይ ይጠብቀዋል። ድልድዩ ይወዛወዛል፤ ሰው ይስቃል፣ ይጮሃል፣ ፎቶ ይነሳል። ከእግሩ በታች የምትፈሰውን ጅረት ስሟን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አላታ ማለት እሷ ናት። ከወዲያ ማዶ ካለው ከፍታ ወርዳ፣ ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ከዓባይ ጋር ትቀላቀላለች።

ለመሆኑ ትንሽ ጅረት ተንጠልጣይ ድልድይ እስኪሠራላት ድረስ እንዴት ገደል ልትቆፍር ቻለች? መልሱ ያለው በዓባይ ነው። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ረጋ ባለ ምድር ላይ እየሰፋ፣ ደሴት እየሠራ ይመጣል። ጢስ ዓባይ ሲደርስ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ጫፍ ላይ ይወጣና 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ጣናም ራሱ የዚሁ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውለታ አለበት፤ ወደ ደቡብ የሚፈሰውን ውኃ ቅልጡ ድንጋይ ስለዘጋበት ነው ሐይቅ ሆኖ የተኛው። ከፏፏቴው በታች ግን ያ ሰፊ ወንዝ ተጨምቆ ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ትልቁ ወንዝ ወደ ገደል ሲወርድ ከጎን የሚመጡት ትናንሾቹ ምርጫ የላቸውም፤ እነሱም መውረድ አለባቸው። እናት ዝቅ ካለች ልጅም ዝቅ ትላለች። አላታ ከላይ በማሳ መካከል እንደማንኛውም ጅረት ትመጣና መጨረሻዋ ላይ ዓባይ ጋ ለመድረስ ድንጋይዋን እየበላች ትወርዳለች። ገደሏ የተፈጠረው እንዲህ ነው።

ሁለት ሰዓት ቆጣሪዎች

አላታና ዓባይ በአንድ ቦታ ይገናኙ እንጂ የሚሄዱበት ሰዓት የተለያየ ነው።

ባሕር ዳርና አካባቢው በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ያገኛል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ጅረት ላይ ሲወርድ ምንም የሚያቆየው ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ጠቁሮ ያየነው ደመና ማታውን ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ በነጋታው ጠዋት ልጆች ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። የጅረት ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ያገኘችውን ዕለቱን ታወጣለች።

ጣና ግን ጎተራ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፣ ሌሎቹም ወንዞች የክረምቱን ውኃ ሲያስገቡለት ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ቀስ እያለም በባሕር ዳር በኩል ያወጣል። ስለዚህ ጅረቶቹ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው መጉደል ሲጀምሩ ሐይቁ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው። ፏፏቴው በተፈጥሮው ሙሉ ግርማውን የሚያገኘው በመስከረም አካባቢ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ ነበር። በዚያን ጊዜ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ርጭቱ ዙሪያውን ያለውን ዛፍና ሣር በበጋም ጭምር አርሶ ያኖራል።

«ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን የአላታን አንድ ውለታ ልንገራችሁ።

ኖራው ከጅረቷ

ጎብኚው መጀመሪያ የሚሻገረው ያ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ነው። በአገራችን በኖራ ከታነጹት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው ይባላል። ልጃቸው ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ግንቡን ከማስነሳታቸው በፊት መሆኑ ነው። ሰዉ እስከ ዛሬ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል።

በዘመኑ በአገራችን የነበረው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ዴ አልሜይዳ የድልድዩን ነገር ሲጽፍ አንድ ደስ የሚል ነገር አስፍሯል። ድልድዩን ለመሥራት የሚያስፈልገው ኖራ የሚወጣበት ድንጋይ የተገኘው እዚያው አጠገብ፣ በአላታ ዳር ነው። ሥራውን የመራውም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነበር።

አስቡት እንግዲህ። ዓባይ ጎጃምንና በጌምድርን ለያይቶ የኖረ ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ነጋዴውም፣ ሠራዊቱም፣ ለቅሶ ደራሹም ዳር ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። ሁለቱን አገር ያገናኘው ድልድይ የተጣበቀው ማንም ከቁብ ባልቆጠራት ጅረት ዳር በተገኘ ድንጋይ ነው። ዛሬ ወደ 400 ዓመት ሲጠጋ አህያው ከነጭነቱ፣ ገበያተኛው ከነሸክሙ ይሻገርበታል። የድልድዩን ስም ፖርቱጋሎች ወሰዱት፣ ትእዛዙን ንጉሡ ሰጡ፣ ኖራውን አላታ አዋጣች።

የበሮቹ ዘመን

አሁን ወደ «ነበር» እንመለስ። በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ይወስድና ተርባይኑን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ይመልሰዋል። ድርሻው ትንሽ ስለነበረ ፏፏቴው ብዙም አልተሰማውም። በ1996 ግን ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ የጨረጨራ ውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት፤ በ2001 ወደ ሰባት አደጉ። በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ዓባይ የሚወጣው ጣና ሲሞላ ሳይሆን በር ሲከፈት ሆነ።

በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ መጣ፤ 460 ሜጋ ዋት። ይኼኛው ውኃውን የሚወስደው ከጣና ምዕራብ ዳር፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ነው። ውኃው ወደ በለስ ወርዶ ዓባይን የሚያገኘው ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ ነው። ጢስ ዓባይን ጭራሽ አያያትም ማለት ነው።

መቼም መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር ድረስ መጥቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ከሰፊው ጥቁር ገደል ላይ በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ አይቶ የተመለሰ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝና ፏፏቴ መሠረታዊ ሕይወቱን ይዞ እንዲቀጥል በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሊለቀቅለት ይገባል ብለዋል። ይህ በተፈጥሮ በዓመት ይወርድ ከነበረው 22 በመቶው ነው። ዓባይ ቢጎድልም ቢያንስ ስንት እንደሚያስፈልገው ያሰላለት ሰው አግኝቷል።

አላታ በር የላትም። ሐምሌ ላይ የምትሞላው ስለ ዘነበ ነው፤ ጥር ላይ የምትቀጥነው ዝናቡ ስላለፈ ነው። ዛሬ ጢስ ዓባይ ላይ ቆሞ ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፏፏቴውን ቢጠይቀው የሚነግረው የበሮቹን ነገር ነው። የሰማዩን ነገር የምትነግረው ጅረቷ ናት። ፏፏቴው ሲጎድል ደንግጠን «ዝናብ ጠፋ» የምንል ሰዎች አንገታችንን አዙረን አላታን ብናይ ኖሮ ነገሩ ይገባን ነበር።

በር የለም ማለት ተጠቃሚ የለም ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ግን ጽሑፉን በምስጋና ብቻ ብዘጋው ጅረቶቹን መበደል ይሆንብኛል። በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ተፋሰስ ያሉ ትናንሽ ጅረቶች በር ባይገጠምላቸውም ሰው አላጡም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው፣ ጫት የሚያጠጣው ገበሬ ሞተር ፓምፑን የሚያስገባው ወደ ትልቁ ወንዝ ብቻ አይደለም። ማሳው እስከ ጅረቱ ከንፈር ድረስ ይታረሳል፤ ምንጩ አናት ላይ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ከውኃው ጋር ይሄዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንል ግንዱንም አፈሩንም ከየት እንዳገኘው አንጠይቅም። ከጅረቶቹ ነው ያገኘው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2000 የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለባህላዊ መስኖ፣ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ፣ ለባህላዊ ከብት እርባታና ለውኃ ወፍጮ ግን ፈቃድ አያስፈልግም። መልካም ሕግ ነው፤ ገበሬው ከጅረቱ ማሳውን ለማጠጣት ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም። ግን ፈቃድ የማይጠየቅበት ነገር መዝገብ ላይም አይገባም። በመዝገብ የሌለ ውኃ ሲያልቅ ማን ያውቅለታል?

የድሮ ሰዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። በብዙ የአማራ ክልል ገጠሮች ዛሬም ድረስ «የውኃ አባት» የሚባል አለ። በመስኖ የሚጠቀሙት ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጡት፣ ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራውን ሰርቆ ሌሊት ውኃ የጠለፈውን የሚዳኝ ሰው ነው። ለትልቁ ዓባይ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ባለሙያ አለው፤ ለትንሿ ጅረት ደግሞ የውኃ አባት። የውኃ አባቱ ዳኝነት ለቦይና ለተራ የወጣ ነው። ፓምፕ ያለው ሰው ቦይ አያስፈልገውም፤ ተራም አይጠብቅም። ክፍተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት እውነት ሆኖ የሚታየውም በግንቦት፣ ከላይ ያለው ፓምፕ ሲጠጣ ከታች ያለችው እናት እንስራዋን ይዛ ደረቅ ጠጠር ላይ ስትቆም ነው።

ጉዳዩ የሰው ብቻም አይደለም። ከፏፏቴው በላይ፣ በጣና ውስጥ፣ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ራሱ ጢስ ዓባይ ነው፤ ያ ገደል ከታች የሚመጣ ዓሣ እንዳይወጣ ስለከለከለ የጣናዎቹ ለብቻቸው ኖረው ለብቻቸው ተለያዩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ክረምት ሲበረታ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ከዚያም ወደ ገባሮቻቸው ይገባሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃ የሚያልፍበት፣ ጠጠር ያለበት ትንሽ ጅረት ነው፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ጅረቱ ደለል ከለበሰ፣ ጠጠርና አሸዋው ለግንባታ በመኪና ከተጫነ፣ ዓሣው የት ይሂድ? አላታ ከፏፏቴው በታች ስለሆነች የጣና ዓሣ አይደርሳትም። እህቶቿ ግን ከላይ ሆነው የሐይቁን አጥማጅ እንጀራ ይዘውለታል።

ዓባይም ጅረት ነበር

ትልቁን አክብሮ ትንሹን የሚንቅ ሰው ግሽ ዓባይን ሄዶ ቢያይ ጥሩ ነው። ሰከላ ላይ፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ደርሰው የጻፉለት ያ ስመ ጥር ምንጭ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ነው። ከዚያ የሚወጣው ውኃ «ግልገል» ዓባይ መባሉም ያለ ነገር አይደለም። ግሽ ላይ ያለው ዓባይ ከአላታ ያንሳል። ያንን ምንጭ ግን ሕዝቡ ቅዱስ አድርጎ አክብሮታል፤ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም አብሮት ይጠራል፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉት ይባላል። ሰው በምንጩ ዙሪያ በጥንቃቄ ይራመዳል፤ ጠበሉን በአክብሮት ይቀዳል። ውኃ በብዛቱ ሳይሆን በስሙም ሊጠበቅ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ለሌሎቹ ጅረቶች ቅድስና እንስጥ አልልም። ዱላና ደብተር ግን ልንሰጣቸው እንችላለን። ምን ማለት ነው?

ከ2014 ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ የተሠራ አንድ ሥራ አለ። ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የጉድጓዱን ውኃና የጅረቶቹን ከፍታ መለካት ጀመሩ። መሣሪያው ዝናብ መቀበያ፣ ወንዝ ውስጥ የቆመ ቁጥር ያለበት መለኪያና ደብተር ነው። ለኪዎቹ እዚያው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ውጤቱ ሲመረመር የገበሬዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ምንጮች ከሚገኘው የማያንስ፣ እንዲያውም አንዳንዴ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ከሚለኩት ውስጥ አንዷ ኪልቲ ናት፤ ለግልገል ዓባይ የምትገብር ወንዝ።

ዳንግላ ላይ የተቻለው ጢስ ዓባይ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። አላታ ላይ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ሥር በቁጥር የተሰመረ አንድ መለኪያ ማቆም ይቻላል። በአቅራቢያው ተማሪዎች አሉ፣ መምህራን አሉ፤ ባሕር ዳር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንድ ቁጥር ቢጻፍ በአምስት ዓመት ውስጥ ጅረቷ ስንት እንደምትይዝ፣ በግንቦት እስከ ስንት እንደምትወርድ፣ ደራሿ ከደመናው ስንት ሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ይታወቃል። የመጨረሻው ነገር ለብቻው ነፍስ ያድናል፤ በየክረምቱ «ትንሽ ናት» ተብላ የምትደፈር ጅረት ሰው ትወስዳለችና። ቁጥር ካለ የውኃ አባቱም ፓምፕ ላለው ሰው «በዚህ ወር ከዚህ በታች አይወርድም» የሚልበት መሠረት ያገኛል።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ጎብኚ ወደ ጢስ ዓባይ እንደ ልቡ ሲመለስ፣ እናንተም ሄዳችሁ በዚያ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ስትደርሱ፣ ፎቶውን ተነሱ፣ ሳቁም። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። ውኃው ምን ያህል ነው? ጠጠሩ ይታያል ወይስ ደለል ለብሷል? ዳርና ዳሩ ሣር አለው ወይስ ታርሷል? የሚመራችሁን ልጅ ጠይቁት፤ እሱ ጅረቷ በየትኛው ወር እስከ የትኛው ድንጋይ እንደምትደርስ ያውቃል። የሚነግራችሁን የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

ቸር ይግጠመን።